ምኑ ነው የለቀቃት?

ወንድሜ ሲደውል እዚህ ዐረብ አገር የማዳሜን ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ እየተኮስሁ ነበር። «እታለም፣ አብሽሪ» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። መካነ ሰላም ያደግን ሰዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ለአይዞህ አብሽር ስንባባል ነው የኖርነው። ሰላምታ ያልቀደመው አብሽሪ ግን ደግ ወሬ ይዞ አይመጣም። ካውያውን ነቀልሁት።

«ታናሻችን ናት። ኪኒኗን ትታው ሰንብታለች፤ ማናችንም አላወቅን። እንቅልፍ አጥታ ከረመችና ዛሬ ሻይ ቤቷን እንደተከፈተ ጥላ ሚኒባስ ተሳፈረች። አቀስታ ወርዳ ነጠላዋን ለመንገደኛ ሰጥታ፣ በዚያ ብርድ ገበያ መሐል ቆማ ስትለፈልፍ ሴቶች ሰብስበው ቤት አስገቧት። ደሴ ሐኪም ቤት ልንወስዳት ነው።»

«እመብርሃን!» አልሁ።

የእኅቴ ሕመም የአእምሮ ነው፤ አንዳንዴ ሰማይ የሚያወጣ፣ አንዳንዴ አልጋ ላይ የሚጥል። በዚያ ኪኒን ቆማ ነው ሻይ ቤት የከፈተችው። የነፍስ አባቷም «ጠበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው» ብለዋት ነበር፤ እሷም እሺ ብላ ኖራለች። በኋላ ግን እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርጭቆው ትሪው ላይ ይንጫጫል። ደንበኞቿ «አንቺ፣ የምትቀጂው ለእኛ ነው ለሰሐኑ?» ይሏታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ለእኔ ግን በስልክ «እጄ ትከሻዬን ሳያማክር እስክስታ ጀመረ» ስትለኝ ሳቋ ውስጥ እንባ ነበረበት።

ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የሚመካከሩበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ እሷም እኔም አለንበት። ወሬውን ከሰማሁ በኋላ ወደ ላይ እየሄድሁ የተጻፈውን ሁሉ አነበብሁ። እኅቴ «እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ኪኒኑ ይሆን? ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃለች። ከሥሯ አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ አብሽሪ። ሐኪምሽ ምን አለ ያላት ግን አንድም የለም።

አንዲት ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት ብቻ ረዘም አድርጋ መልሳላታለች። «እኔንም እንደዚሁ አድርጎኝ ነበር። ሐኪሜ ደሜን መርምሮ መጠኑን ቀነሰልኝ፤ መንቀጥቀጡ ለቀቀኝ። በራስሽ እንዳትነኪው፣ አደራ።» ቅን ምክር ነበር። አንዱ ግን ይህን በድምፅ መልእክት አሳጥሮ አሰራጨው፦ «ያቺ እኅታችን ኪኒኑን ቀንሳ ለቀቃት! ተመስገን!» ሐኪሙም፣ የደም ምርመራውም፣ አደራውም መንገድ ላይ ቀሩ።

እኛ አገር ለቀቀኝ የሚባለው ጠበል ቦታ ነው። ለቀቀኝ ያለን ሰው ምኑ ነው የለቀቀህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እልል ይባላል እንጂ። ግሩፑም እልል አለ። የእልልታው ድምፅ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ፤ ልሰማው ከፍቼ መልሼ እዘጋዋለሁ።

ደሴ ገብታ ከሰነበተች በኋላ አነጋገረችኝ። «ያ ሁሉ ሰው እልል ሲል እኔ ብቻ ታምሜ መቅረት አልፈለግሁም፣ እታለም፤ ኪኒኑን ተውሁት» አለችኝ። ምን ብዬ ልቆጣት? ሐኪሙ ለወንድሜ እንዲህ ብሎታል፦ መድኃኒቱን በድንገት መተው አደጋ ነው፤ መንቀጥቀጡን ችሎ ዝም ማለትም ደግ አይደለም፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ በዝቶ እንደሆነ መታየት ነበረበት።

ግሩፑ ግን ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ድሮስ ኪኒን መርዝ ነው አላልሁም?» አለ። የግሩፑ ኃላፊ ደግሞ «ከእንግዲህ ስለ ኪኒን ክፉ ያወራ ይባረራል» ብሎ ለጠፈ። ያችን ምክር የጻፈችላትን ሴት «ሰው ልትገድይ ነበር» ብለው ሰደቧት፤ ከግሩፑ ወጣች። እኔ ሁለቱም ያስፈሩኛል። መርዝ ነው የሚለው እኅቴን አቀስታ ድረስ ሸኝቷታል። ዝም በሉ የሚለው ደግሞ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሌላ ሴት ማንንም ሳትጠይቅ ኪኒኑን ብቻዋን እንድትተወው ያደርጋል።

እኅቴ አሁን ተሽሏታል። መድኃኒቱን በሐኪም እየተመዘነ ጀምራለች፤ እጇ ግን ገና አልረጋም። ባለፈው «ወደ ግሩፑ ብመለስ ይስቁብኝ ይሆን?» አለችኝ። ቀጥላም «ያቺ ሴት አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ወጣች ማለት ቢከብደኝ ይህን ልጽፍ ተቀመጥሁ።

ስለዚህ በዚያ ቀን ግሩፑ ውስጥ የነበራችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ስሙኝ። ድምፁን ያሰራጨኸው ሰው፣ የቆረጥኸውን መልሰህ ቀጥለው፤ ሐኪሙንም አደራውንም ጨምረህ ላከው። እልል ያላችሁ፣ እኅቴ ስትመለስ ዳንሽ ወይ እያላችሁ አትክበቧት፤ እጅሽስ እንዴት ነው፣ ሐኪምሽስ ምን አለሽ በሏት። አንቺም ከግሩፑ የወጣሽው መካሪ፣ በደል የለብሽም። ተመለሽና ያንን ቃልሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእኅቴ እንደገና ጻፊላት። ምኑ እንደለቀቀሽ ከአንቺ ትስማው።