ለአምባዛው የተሰጠ መልእክት

ዛሬ ከልጄ ጋር ወረታ ገበያ ዓሣ ልገዛ ብቆም፣ ሽታው ሳላስበው የልጅነት መንደሬ ቁሐር ሚካኤል አደረሰኝ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ጎርፉ ሩዛችንን እንዳለ ዋጠው። አባዬ ደጅ ላይ ቆሞ ውሃውን ያያል። እኔ ግን ከጣና የወጣ አንድ አምባዛ ዓሣ ማሳው ውስጥ ሳባርር ውዬ፣ በመጨረሻ የእናቴን ቅርጫት ደፍቼ ያዝሁት። ጢሙ የድመት ይመስላል፤ ገላው እንደ ሳሙና ይሙለጨለጫል።

"አባዬ፣ እራት ያዝሁ!" ብዬ ጮህሁ።

አባዬ ውሃውን እየረገጠ መጥቶ ተቀበለኝ። ቢላዋ ያወጣል ስል፣ ጎንበስ ብሎ ለዓሣው አንሾካሾከለት።

"ለላከህ ንገርልኝ። ሩዙን ውሰድ፣ ልጄን ተውልኝ ብሏል በለው።"

ከዚያ ለቀቀው። እኔ ስለ እራቴ አለቀስሁ። እሱ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ፣ እርጥብ እግሬን እስከ ቤት ድረስ ጨብጦ ሄደ።

ዓሣችንን ይዘን ከገበያ ስንወጣ ዝናቡ ወረደ። ልጄን ተሸከምኋትና እግሯን ጨበጥሁ።

"እማዬ፣ ‹ልጄን ተውልኝ› ያልሽው ማንን ነው?" አለችኝ።

ምንም ያልሁ አልመሰለኝም ነበር።