አባቴ ያዞረው ጫማ

ደጃፍ ላይ የወለቀ ጫማ ሽታ፣ ያ የቆዳና የአቧራ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ደሴ አጠገብ ገራዶ፣ አክስቴ ቤት ደጃፍ ላይ እቆማለሁ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ግራ እግሬ ደግሞ ገና አዲስ ነበር።

አብሮኝ የተወለደውን ከጉልበቴ በታች ያጣሁት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሚኒባሱ የተገለበጠ ጊዜ ነው። ሰው ሠራሹ ከተገጠመልኝ በኋላም ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን አልወጣ አልኩ። ሥራዬ መስኮት ሥር ተቀምጦ የባጃጅ ድምፅ መስማት ሆነ። ጠያቂ ሲመጣ የተኛሁ እመስላለሁ። አባቴ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲመለስ፣ የጥጥ ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ፣ "ዛሬስ ወጣሽ?" ይለኛል። ራሴን እነቀንቃለሁ። "አብሽሪ፣ ነገ አለ" ይላል። ነገም እንዲሁ ያልፍ ነበር።

አንድ ቀን አክስቴ ወዳጃ አሰናዳች፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ ሊያደርግልኝ። ለእኔ ከተጠራ ዱዓ እንዴት ልቅር? አባቴን ተደግፌ ሄድኩ። ስንደርስ የከሰዓት ፀሐይ ደጃፉ ላይ በተደረደሩት ጫማዎች ላይ ተኝታለች፤ ከውስጥ ድቤ ይመታል።

አባቴ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ የሰዉን ጫማ ሁሉ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። እንግዳ ሲወጣ እንዳይቸገር ነው፤ የትም ቤት ሄዶ ይህን ሳያደርግ አይገባም። እኔ ቀኙን ጫማዬን አወለቅሁ፤ ግራው ግን ከማይታጠፈው እግር ላይ አልወልቅ አለኝ። የሚሰገድበት ምንጣፍ በጫማ አይረገጥም። ከውስጥ ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። አፈርኩ። ከዚህ ደጃፍ ከተመለስኩ ዳግመኛ ከቤት እንደማልወጣ አውቀው ነበር፤ ቢሆንም "አባዬ፣ እንመለስ" አልኩት።

"ቆይ እስቲ" ብሎ ተንበረከከና ጫማውን ሳበ። የሰው ሠራሹ ማሰሪያ ላልቶ ኖሮ እግሬ ከነጫማው ወለቀ፤ አባቴ እሱን እንዳቀፈ በጀርባው ወደቀ።

ድቤው ቆመ። እኔ በአንድ እግሬ መቃኑን ይዤ ቀረሁ። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። ያን ጊዜ ዱዓውን የሚመሩት ሽማግሌ፣ "ወላሂ፣ አደቧስ ከእኛ በለጠ! እኛ ጫማችንን ብቻ አወለቅን፤ እሷ ከነእግሯ!" አሉ።

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ አባቴ ግን እየሳቀ አለቀሰ። ተነሥቶ እግሬን ከአቧራው አራገፈና ከራሱ ጫማ አጠገብ አቆመው፤ እሱንም ወደ ውጭ አዞረው። ትከሻውን ይዤ እየዘለልኩ ገባሁ። "አሚን" ስል የገዛ ድምፄ ናፍቆኝ እንደነበር ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ አብረን የገባንበት ቤት ብዙ ነው። ስወጣ እግሬ ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ዞሮ ይጠብቀኝ ነበር።

አምና አባቴን ቀበርነው። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ገና ቤታችን ውስጥ ሳለ መቃኑን ይዤ ብቅ አልኩ። እግሬ ስገባ እንዳወለቅሁት ፊቱን ወደ ቤት አዙሮ ቆሟል። ደፉ ላይ ተቀመጥኩና የሰዉን ጫማ አንድ በአንድ ወደ ውጭ አዞርኩ። የራሴን ለማዞር ግን እጄ እምቢ አለኝ።