ባለ ሁለት ቁልፍ ቧንቧ

ሰሞኑን ከአስኮ ወደ ጦር ኃይሎች ስሄድ የታክሲው ሬዲዮ ስለ ሁለት ጎረቤት አገሮች ስምምነት ያወራ ነበር። ታዛቢ ይገባል፣ ድንበሩ በየጊዜው ይፈተሻል ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት "ማዘር፣ ካልተማመኑ ለምን ይፈራረማሉ?" አለኝ። የሚተማመንማ መች ይፈራረማል ብዬ በልቤ፣ ቦርሳዬን ወደ ጭኔ ሳብ አደረግሁ። ሰው ማመን ድሮም አይሆንልኝም። ያደግሁት ኮልፌ፣ ባለ ሁለት ቁልፍ ቧንቧ ካለበት ግቢ ነው።

በግቢው የምንኖረው እኛና እነ እትዬ ብዙነሽ ነበርን። እኛ ኦርቶዶክስ፣ እነሱ ጴንጤ፤ ቧንቧው ግን አንድ። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። እናንተ ቀድማችሁ ቀዳችሁ፣ እናንተ ጨረሳችሁ እየተባለ ጠብ ሲበዛ የሰፈር ሽማግሌዎች ገቡ። ቧንቧውን በብረት ሳጥን አስከድነው ሁለት ጓጉንቸር አንጠለጠሉበት፤ የአንዱ ቁልፍ ለኛ፣ የሌላው ለነሱ። አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። ሽማግሌዎቹ መርቀው ገና ከበር ሳይርቁ እናቴ "ቁልፋችንን አስቀርጸውት ቢሆንስ?" አለች።

ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ወሩ ጥር፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። የእህቴ የአስቴር ሰርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የጌሾውና የብቅሉ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ የጎደለው ውሃ ብቻ ነበር። ጠላ የሌለበት ሰርግ ደግሞ ለእናቴ ከሞት አይሻልም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነጭ ክር ሰጠችኝና "ሳጥኑ ማጠፊያ ላይ እሰሪው። ጠዋት ካጣሽው ከፍተውታል ማለት ነው" አለችኝ። ላስር ጎንበስ ስል ከሥር ጥቁር ክር ታስሮ አገኘሁ። መተት ነው ብዬ አማትቤ በጥሼ ጣልኩት። በማግስቱ የኛም ነጭ ክር የለም።

"አላልኩም?" አለች እናቴ፣ የጠረጠረችው በመድረሱ ደስ ያላት እስኪመስል። "ሁለተኛ ከነሱ ጋር ሳጥን አልከፍትም!" እትዬ ብዙነሽም ቁልፋቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። በርሜሎቹ ደረቁ።

ዓርብ ዕለት ሁለቱም እናቶች ለቅሶ ሄዱ፤ እድራቸው አንድ ነው። እናቴ ቁልፉን ሰጥታኝ "ዓይንሽን ከሳጥኑ እንዳትነቅዪ" አለችኝ። እትዬ ብዙነሽም ልጃቸውን አልማዝን እንደዚያው ብለዋት ኖሯል። ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንገላመጥ ቧንቧው ማፏጨት ጀመረ። ውሃ መጣ።

"ያንን ነጭ ክር ማነው ያሰረው?" አለች አልማዝ። "እማዬ መተት ነው ብላ ጸልያበት አቃጠለችው።"

"ጥቁሩስ?"

"እሱማ የኔ ነው። ስትከፍቱ እንድይዛችሁ ነዋ!"

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቁልፎቻችንን አውጥተን ከፈትን፣ የሁለቱንም ቤት በርሜል እስከ አፉ ሞልተን መልሰን ቆለፍን።

እናቴ ተመልሳ በርሜሉን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። "ማነው የከፈተው?" ከነሱ ጋር ተመሳጠርሽ እንዳትለኝ ፈራሁ። "እኔ እንጃ፤ ሱቅ ደርሼ ስመጣ ሞልቶ አገኘሁት" አልኳት።

"እነሱ ለኛ ውሃ የሚሞሉት ምን ቢጨምሩበት ነው?" ብላ በርሜሉን ገፍታ ደፋችው። ያ ሁሉ የአስቴር ጠላ! ከወዲያም እትዬ ብዙነሽ የራሳቸውን ሲደፉ ሰማሁ፤ አልማዝም እንደኔ ዋሽታለች። ውሃው ከሁለቱም ደጅ ወርዶ ግቢው መሃል ያለው ቦይ ውስጥ ተቀላቀለ። አልማዝ በራቸው ላይ ቆማ አየችኝ፣ አየኋት።

በቀጣዩ ሳምንት ውሃ ጭራሽ ቀረ። ሰርጉ በለስላሳ አለፈ፤ እናቴ ዘመድ ፊት ቀና ብላ ሳታይ ዋለች።

ጦር ኃይሎች ስደርስ ቦርሳዬን አቅፌ ወረድኩ። ታዛቢ መላክ ደግ ነው፤ ታዛቢውም ግን ፈሪ ሊሆን ይችላል። እናቴን በጥርጣሬዋ አልወቅሳትም። "እኔ ነኝ የከፈትኩት" ብላት ኖሮ ቢበዛ ትገርፈኝ ነበር፣ ጠላውም ይጠመቅ ነበር።

አስቴር ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። በዓል በመጣ ቁጥር ጠላ እየቀዳችልኝ "ለመሆኑ የኔን ሰርግ ጠላ ምን በላው?" ትለኛለች።

"ውሃ ጠፍቶ ነዋ" እላታለሁ።