በቴሌቪዥን የሞተው ባሌ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ባለቤቴ ፈንታሁን በሕይወት አለ። ይህን ስጽፍ እንኳ ደጃፍ ላይ የባጃጁን ጎማ እየነፋ ነው። በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈለገኝ እኔው ጽጌ፣ ሚስቱ፣ መሬት ሳላስቆፍር ስለቀበርኩት ነው።

ፈንታሁን የገሳይ አገር ልጅ ነው። ድንችና ገብስ ላይ አድጎ ደብረ ታቦር ገባ፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ብዙ አያወራም። የዶሮ ቤታችንን በአጣና የሠራው እሱ ነው። ጫጩቶቹን በካርቶን አድርጎ ከባሕር ዳር በእቅፉ ያመጣቸው እሱ፣ የሚያስከትባቸውም እሱ። እኔስ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ነኝና አስተዳድራለሁ። ማለትም እንቁላል እለቅማለሁ፣ ፈንታሁን ላይም እጮኻለሁ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ትዝታ የምትባል የዶክመንተሪ ፊልም ሠሪ፣ ራሳቸውን የቻሉ ሴቶችን ልትቀርጽ ወደ አገራችን መጣች። ሰው አክባሪ ልጅ ናት፤ ጥፋቴን በእሷ አላላክክም። እኔ ገና “ፊልም” ስባል ሹሩባ ልሠራ ሮጥኩ። መስታወት ፊት ቆሜም እንደ ታታሪ ሴት መሳቅ ተለማመድኩ። ታታሪ ሴት እንዴት እንደምትስቅ ግን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

በዚያ ሰሞን አክስቴ አርፋ ጥቁር ለብሼ ነበር። “ቀይሬ ልምጣ?” ስላት የትዝታ ዓይን በራ።

“ኧረ ተይው እቴ፣ በጣም ያምራል።”

አክስቴ፣ ነፍሷን ይማራትና፣ ሞታ እንኳ አስዋበችኝ።

ፈንታሁን የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ከጎኔ ሲቀመጥ ግን ትዝታ አንገቷን ዘንበል አደረገች። “ጋሽ ፈንታሁን፣ ታሪክ አንድ ሰው ላይ ሲያርፍ ነው ተመልካች የሚይዘው። ካላስቸገርኩዎ ይህን ነጭ ሰሌዳ ይያዙልኝ?” ሰሌዳው የፀሐዩን ብርሃን ወደ ፊቴ የሚመልስ ነው። ባሌ ክንዱ እስኪዝል ይዞልኝ ዋለ። እኔም “ከፍ አድርገው እንጂ፣ አገጬ ጨለመ!” እያልኩ አዘዝኩት።

“ከባዱ ጊዜ የቱ ነበር?” ስትለኝ ፈንግል ገብቶ ዶሮዎቼን የፈጀበት ወር ትዝ አለኝና እንባዬ ወረደ። ስለ ዶሮ ነው ያለቀስኩት። ቀይዋን ቄብ እወዳት ነበር።

ፊልሙ እሑድ ከሰዓት በቴሌቪዥን ታየ። ጎረቤት ሰብስበን ተቀመጥን። መጀመሪያ ጥቁር ለብሼ ብቻዬን በር ላይ ቆሜ ታየሁ። ቀጥሎ ግድግዳችን ላይ ያለው የሠርግ ፎቶ መጣ፤ ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ፈንታሁን ፊት ተጠጋ። ከዚያ እንባዬ። ዋሽንት ተነፋ። “ጽጌ ሁሉንም ብቻዋን ተወጣችው” አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ጥቁሩ እውነት ነው፣ ፎቶው እውነት ነው፣ እንባውም እውነት ነው። አንድ ላይ ሲሰፋ ግን ከፈን ሆኖ ወጣ።

እኔ ያኔ ይህ መች ታየኝ! “ብቻዋን” ሲባል ለራሴ አዘንኩ። እውነትም ብቻዬን የተወጣሁት መሰለኝ። ልጃችን ሕይወት፣ “አባዬስ የት አለ?” አለች።

“ዝም በይና እኔን እዪ!” አልኳት።

አባቷ አጠገቧ ቆሎ እየቆረጠመ፣ “ብርሃኑ ቆንጆ ነው” አለ።

ማክሰኞ ወደ ማታ የፈንታሁን የአጎት ልጅ ሙላቴ ከገሳይ መጥቶ አንኳኳ። የከፈተው ፈንታሁን ነው። ሙላቴ አማተበ፤ ወደ ኋላ ሲሸሽ ከዶሮዎቹ ውኃ መጠጫ ላይ ወደቀ።

“በስመ አብ! አንተ አልሞትክም?”

“እኔ አልሰማሁም” አለ ፈንታሁን።

ሙላቴ ሱሪው እየተንጠባጠበ ነገሩን ዘረገፈው። የፈንታሁን አጎት አያ ይርጋ ፊልሙን ገሳይ ሻይ ቤት አይተው ኖሯል። ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። እሱን የላኩት ሐዘንተኛዋን፣ ማለት እኔን፣ ይዞ እንዲሄድ ነው። ጎህ ሲቀድ ለእማማ የሺ መርዶ ሊነገር ነው።

እማማ የሺ አማቴ ናቸው። የቀራቸው ልጅ ፈንታሁን ብቻ ነው፤ ልባቸውም ደካማ ነው። በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ “እውነት ሞቷል ወይ?” ተብሎም ቤተሰቡ አይጠየቅም። ዘመድ በሹክሹክታ ተጠራርቶ፣ እናት ሳትሰማ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ማለዳ በሯ ላይ ይጮኻል። እማማ የሺ ያን ጩኸት ከሰሙ፣ “ስሕተት ነው” እስኪባሉ ልባቸው አይቆይም።

ፈንታሁን ስልኩን አነሣ። “አያ፣ እኔ ነኝ፣ ፈንታሁን!”

አያ ይርጋ ተቆጡ። “ድምፅማ ተቀድቶ ይቀራል። በሙት ድምፅ የምትቀልድ፣ እግዜር ይይልህ!” ብለው ዘጉ። ደግመን ብንሞክር ስልካቸው ጠፍቷል። ገሳይ መብራት ስለጠፋ የሌላውም ስልክ አይሠራም።

በዚያው ሌሊት በባጃጁ ተነሣን። ዳገት በመጣ ቁጥር ሙላቴ እየወረደ ይገፋል፤ እኔ ሕይወትን ታቅፌ እጸልያለሁ። ከጸሎቱ መሐል፣ “ፊልሙ ላይ አገጬ ወፍሮ ነበር እንዴ?” የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ስንደርስ ዘመዱ በእማማ የሺ አጥር ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተኮልኩሏል። አያ ይርጋ ሊጮኹ ሲነሡ ፈንታሁን ፊታቸው ቆመ።

“አያ፣ ይኸው እኔ ነኝ።”

ከላይ እስከ ታች አዩት። “እኔ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።”

“ምን አዩ? እኔን አዩኝ?”

“አንተንማ አላየሁህም፣ የለህማ! ሚስትህ ጥቁር ለብሳ ታነባለች፣ አንተ ከገዛ ቤትህ የለህም። ሌላ ምን ልበል?”

“ይዳስሱኝ፣ አያ።”

ዳሰሱት። “ቀዝቅዟል” አሉ ወደ ዘመዱ ዞረው።

“ባጃጅ ስነዳ አድሬ ነዋ!”

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። እማማ የሺ ላም ሊያልቡ ቅል ይዘው ወጡ። ያን ሁሉ ሰው አጥራቸው ሥር ሲያዩ ቅሉ ከእጃቸው ወደቀ።

“ማነው የሞተው?” አሉ። 

አያ ይርጋ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ፈንታሁንን በሁለት እጄ ገፍቼ ፊታቸው አደረስኩት። “ማንም አልሞተም እማማ! ይኸው ልጅዎ! የገደልኩት እኔ ነኝ!” ብዬ ጮኽኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ከዚህ የተሻለ ቃል ማግኘት ነበረበት።

እማማ የሺ የልጃቸውን ፊት በሁለት መዳፋቸው ያዙ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ሁሉ ሰሙኝ።

“ታዲያ ልጄ የት ሄዶ ነው?”

“ከካሜራው ኋላ ነበር፣ እማማ። ብርሃን ይዞልኝ።”

“ካሜራውን አንድ ጊዜ ወደ እሱ ዞር የሚያደርግ ሰው ጠፋ?”

ዞር እንዲል እኔው አልፈለግኩም ነበር ይባላል እንዴ፣ በአማት ፊት?

የተቀቀለ ንፍሮ አይደፋምና ተቀምጠን በላነው። አያ ይርጋ ከሁላችን በለጡ። ሲያበቃ እማማ የሺ፣ “በሉ አሁን የኔን ልጅ ፎቶ አንሡልኝ። አንቺ ደግሞ ብርሃኑን ያዢ” አሉ። ነጭ ነጠላቸውን ዘርግቼ የጠዋቷን ፀሐይ ፈንታሁን ፊት ላይ መለስኩ። ክንድ እንዴት እንደሚዝል ያን ዕለት ገባኝ። ሙላቴ በስልኩ አነሣ፤ ፈንታሁን ከእናቱና ከሕይወት መሐል፣ ፊቱ ወለል ብሎ በርቶ። አያ ይርጋ ፎቶውን አሳጥበው ያው ሻይ ቤት ቴሌቪዥኑ ሥር ለጠፉት፣ ሰው መኖሩን እንዲያምን።

ባለፈው ቅዳሜ ሙላቴ ለገበያ ሲመጣ፣ “እህ፣ ሰዉ አመነ?” አልኩት።

“ፈንታሁን መኖሩንማ አምኗል” አለ ሳቁን እየዋጠ። “አሁን የሚወራው ጽጌ ጥላው ሄደች ተብሎ ነው። ፎቶው ላይ የለሽማ! ሻይ ቤቱ ውስጥ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች እየተመረጡ ነው።”

ደጃፍ ወጥቼ ለፈንታሁን ነገርኩት። “ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ምን ትላቸዋለህ?”

ከጎማው ቀና አለ።

“ብርሃኑ ቆንጆ ነበር እላቸዋለሁ” አለ።