ለቡና የተጨመረው ባሌስትራ

ሲይዙኝ እጄ ቅባት ነበር። ጅማ፣ በምሠራበት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ፣ ለአንድ የሚኒባስ ሾፌር የፊት ሞላ እያሳየሁት ሁለት ሰዎች ገቡ። ስሜን ጠሩ፤ ስልኬን ከባንኮኒው ላይ አነሱ። "እጄን ልታጠብ" አልኩ። "እዛ ትታጠቢያለሽ" አሉኝ። እዛ ውሃ አልነበረም። አሻራ ሲያነሱኝ ቀለም እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ጥፋቴ አንድ ጥያቄ ነው። "ከሰፈራችን የተወሰዱት ልጆች የት ናቸው?" ብዬ ስልኬ ላይ ጽፌ ለጥፌ ነበር። እኔም ተወሰድኩ፤ የመልሱን ግማሽ በዚያው አወቅሁ።

የታሰርነው ከጅማ ወጣ ብላ ባለች የቡና ከተማ፣ ድሮ የቡና መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ጡብ እየዘለሉ የተዉት ቀዳዳ ብቻ። ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው የቡና ገለባ ሙቀት ሲነካው ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ ጆንያ ይቆጥሩ የነበሩ ሰዎች በከሰል ያሰመሩት መስመር ነበር። ሰባት ሴቶች ነበርን። እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ። "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ" ይሉኛል።

አጠገቤ የምትተኛው ነፍሰጡር ነበረች። የደዶ ሴት ናት፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏን ፈልገው ሲያጡት እሷን አመጡ። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለች ታወራለች፤ ሲከፋት ደግሞ ሆዷን ትዳስሳለች። ከዚህኛው እርግዝና በፊት ሁለት አስወርዷታል። ይህን የነገረችኝ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ ፊቷን ሳታዞር ነው።

ፍርድ ቤት የሚወስደን አንድ ፒክአፕ ነበር። ከኋላ፣ ጭነት የሚጫንበት ላይ፣ ሁለት አግዳሚ ብረት ተበይዶበታል። ጅማ ድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ግማሹ ኮረኮንች። የዚያን ቀን መኪናው አልሄደም፤ ዘለለ። ጉድጓድ ቢኖርም ዘለለ፣ ባይኖርም ዘለለ። ካቴናው አንጓችንን ላጠው። ጅማ ሳይደርስ አንድ ትንሽ ድልድይ አለ፤ መግቢያው ላይ አስፋልቱ ተቆርጦ እንደ ደረጃ ሆኗል። እዚያ ላይ ሁላችንም ከብረቱ ተነስተን መልሰን ተቀመጥን። እሷ ጮኸች። አንዴ ብቻ። ስንመለስ ቀሚሷ ላይ ደም ነበር።

ጤና ጣቢያ አደረች። ነርሷ "እንዳትናወጥ" ብላ ላከቻት። ቀጣዩ ቀጠሮ ግን በዘጠነኛው ቀን ነበር፤ ካልቀረበች ደግሞ ቀጠሮው ይተላለፍና ሌላ ወር ትቆያለች ተባለ።

"እስሩ ምንም አይደል" አለችኝ በማግስቱ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ። "ዱጋ፣ እውነቴን ነው። ይህን ልጅ የሚወስድብኝ መንገዱ ነው።"

"መንገዱ አይደለም" አልኳት።

"ታዲያ ማን ነው?"

ያን ቀን ስንሄድ የመኪናውን ዝላይ ቆጥሬ ነበር። ሾኩ፣ ንዝረት የሚያበርደው ዘንግ፣ የሞተ መኪና ጉድጓድ ሲመታ ይወዛወዛል፤ ሦስቴ አራቴ እንደ ጀልባ ይላል። ያ ፒክአፕ አይወዛወዝም ነበር። ይደነግጣል። እንደዚያ የሚመታው የላላ ነገር አይደለም፤ ከመጠን በላይ የጠነከረ ነገር ነው።

ለቀጠሮው አራት ቀን ሲቀረው ጠዋት የእስር ቤቱ ኃላፊ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የተለመደችው ወረቀት አለች። ጥያቄውን የጻፍኩት ገንዘብ ተከፍሎኝ ነው ትላለች። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ኃላፊው ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ የሰለቸው ሰው ነው የሚመስለው።

"ፈርሚና ወደ ሱቅሽ ሂጂ።"

"ማንም አልከፈለኝም።"

"ታዲያ በነጻ ነው እንዲህ ራስሽን ያስበላሽው?"

"በነጻ ነው።"

ከመስኮቱ ውጭ መዶሻ ይጮሃል። ሾፌሩ ፒክአፑን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ፈትቷል። አጠገቡ ዘይት ያለቀሰ ሾክ ወድቋል። ኃላፊው ብድግ ብሎ በመስኮቱ "አሁንም?" አለ።

"አሁንም ፈነዳ፣ ጌታዬ። ሦስተኛዬ ነው ዘንድሮ። ጅማ ወርጄ ሌላ ላምጣ።"

"በምን በጀት?"

ሾፌሩ ወደተፈታው ጎማ ዞረ። እኔ ግን አፌ አያርፍም። "ሾኩ አይደለም" አልኩ።

ኃላፊው ዞረ። "ምን አልሽ?"

"ሾክ ቢቀያይር ለውጥ የለውም። መቶ ቢገዛ መቶውም ይፈነዳል። ሾኩ የሚሞተው በሌላ ነገር ነው።"

ሾፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። ሰፊ ፂም ያለው ትልቅ ሰው ነው። "እቺ ደግሞ ታስራ ታማክራለች እንዴ" አለ።

"ታስሬ ነው የማማክረው፤ ምን ይደረግ። ፍቱኝና ፈትቼ ላማክር።"

ሾፌሩ ሳቀ፤ ኃላፊው አልሳቀም። ግን አወጣኝ።

ከመኪናው አጠገብ ስደርስ ቆምኩ። "ከሥር ግቢና እይው" አለኝ ኃላፊው።

"በካቴና አልገባም።"

"ምን ልዩነት አለው? የምታይው በዓይንሽ ነው።"

"ሱቄ ውስጥ እጁ ታስሮ መኪና የሚፈትሽ ሰው አላውቅም። እዚህም አልጀምርም።"

እጄ ላይ ያለውን ብረት አየ፤ የተፈታውን ጎማ አየ። ቀጠሮው አራት ቀን ነው፤ መኪናው አንድ ነው። ለጠባቂዋ ምልክት ሰጣት። ካቴናው ሲወልቅ አንጓዬን አላሸሁም። ላሸው ፈልጌ ነበር፤ ግን አላሸሁም።

ከሥር በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። ከሃያ ቀን በኋላ የግራሶ ሽታ ሲሸተኝ ቤቴ የገባሁ ነው የመሰለኝ። የኋላውን ባሌስትራ ቆጠርኩ፤ እነዚያ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበሩት የብረት ቅጠሎች ማለቴ ነው። የዚህ ዓይነት ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ስንት እንዳለው አውቃለሁ። አንድ ትርፍ አለ። ቀለሙ ይለያል፤ ወፈር ይላል፤ ጫፉ ጋራዥ ውስጥ የተቆረጠ ነው። በሌላውም በኩል እንደዚሁ። በሁለቱ ብረቶች መሃል ደግሞ ጣቴን ሳስገባ አንድ ነገር ወጣ። ይዤው ወጣሁና ለሾፌሩ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

የደረቀ ቡና ነው። ከነገለባው።

"ይሄ መኪና ከማን ነው የመጣው?"

"ከአንድ የቡና ነጋዴ ነው የተገዛው" አለ ሾፌሩ፤ ቀስ ብሎ።

እኛ አገር የማይሠራው ሰው የለም ይህን። ቡና ሲደርስ ባለፒክአፑ ጋራዥ ይሄዳል፤ "አንድ ቅጠል ጨምርልኝ" ይላል። ጆንያ በጆንያ ላይ ይቆለላል፤ መኪናው አይተኛም። ለጭነቱ ጥሩ ነው። ቡናው ሲያልቅ ግን ማንም አያስነቅለውም። ባዶውን ሲሄድ ኋላውን ቀና አድርጎ ይሄዳል፤ እኛም "አቤት ጥንካሬ" እንላለን። ብረቱ ከባድ ጭነት ይጠብቃል። የሚያገኘው ሰባት የከሱ እስረኞች ነው። አይታጠፍም፤ ያነጥራል። ያ ሁሉ ንጥረት ሾኩ ላይ ያርፋል፤ ምስኪኑ ሾክ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ሾፌሩ ቡናዋን በጣቱ እያንከባለለ ሰማኝ። "እኔ ደግሞ እኮ ኋላው ቀና ስላለ ደስ ይለኝ ነበር" አለ። እውነቱን ስለተናገረ ወደድኩት።

"ስንት ይፈጃል?" አለ ኃላፊው።

"ለመንቀል ምንም አይፈጅም። ብሎን መፍታትና ማሰር ነው። ከዚያ ሁለት የኋላ ሾክ፤ ግራና ቀኝ አንድ ላይ። አንዱን ብቻ ከቀየሩ አዲሱ የአሮጌውንም ሥራ ይሠራና ቶሎ ይሞታል። ጎሚኖቹም ይቀየሩ፤ ላስቲክ ናቸው፣ ርካሽ ናቸው።"

ሾፌሩን ደግሞ ለብቻው መከርኩት። ያገለገለ ሾክ እንዳትገዛ፤ የሌላ ሰው ድካም ነው። በጣም ውዱንም አትግዛ፤ ይህ መኪና አይፈልገውም። የሚያብረቀርቅ ካርቶን አትመን፤ ካርቶን ጅማ ውስጥም ይታተማል። አውጥተህ አቁመው፤ ዘንጉን በመዳፍህ ተጫነው። እኩል መውረድ አለበት፤ መሃል ላይ ባዶ ሆኖ "ጠብ" ካለ መልሰው። ዘንጉ የሚገባበት አንገት ላይ ዘይት ካለ መልሰው። ብየዳው ላይ ቀለም ከተደፋበት፣ የሚደበቅ ነገር አለና መልሰው።

"ሻጩ ቢቆጣስ?"

"ሻጩ ከተቆጣ አትግዛው። እኔ ደንበኛ ሲጫነው ተቆጥቼ አላውቅም።"

ኃላፊው ወደ ቢሮው መልሶ አስገባኝ። ድምፁ ለስልሷል። "ይህ ከተሳካ ተባብራለች ብዬ እጽፋለሁ። አንቺም እቺን ትፈርሚያለሽ፤ ሁለታችንም እንገላገላለን።"

"መኪናው ይስተካከላል። ወረቀቷ አትስተካከልም።"

"ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው ከሥር የገባሽው?"

"ነፍሰጡሯ ጋቢና ትቀመጥ። ከሾፌሩ ጎን።"

"ጋቢና የኔ ቦታ ነው።"

"አውቃለሁ።"

ወረቀቷን መሳቢያ ውስጥ ከተታት። ካቴናው ተመለሰ።

አራቱን ቀን ከወዲያ ወዲህ እየተመላለስኩ ጨረስኩት። ከግቢው የመዶሻ ድምፅ ሰማን፤ ከዚያ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ሰማን። "ወጣ" አልኳቸው። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ምን እንደወጣ የገባት ግን አንዷ ብቻ ነበረች። እሷ ሆዷን ይዛ "ኢንሻአላህ" አለች። አንድ ነገር ተስማማን። ጋቢና ከገባች ከኋላዋ ያለውን መስታወት ታንኳኳለች። አንድ ጊዜ ከሆነ ተጎዳሁ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ ደህና ነኝ ማለት ነው።

"ጋቢናውን ከከለከሉንስ?"

"አንጠይቅም" አልኳት።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ፒክአፑ በሩ ላይ ቆሟል። ኋላው ዝቅ ብሏል። ውበቱ ሄዷል፤ እኔ ግን እንደዚያ ያማረ መኪና አላየሁም። ገና ሳያስሩን ቀድሜ የፊቱን በር ከፈትኩ። "ኮቱ፣ ነይ" አልኳት። ክንዷን ይዤ አስገባኋት፤ በሩን ዘጋሁ። ጠባቂዋ ወደ ሰማይ አየች። ኃላፊው ፋይሉን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ወንበሩ ተይዟል።

ቆመ። እኔም በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

ሾፌሩ መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ፣ "ጌታዬ" አለ፣ "ከኋላ እኮ አሁን ይመቻል።"

ኃላፊው ሾፌሩን አየው፤ ሆዷን አየው፤ እኔን አላየኝም። ከዚያ የሱሪውን ጉልበት ሳብ አድርጎ ከኋላ ወጣ። እኛ ጋ፣ አግዳሚው ብረት ላይ፣ ከኔ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

መንገዱ ያው መንገድ ነው። አቧራው ያው ነው። መኪናው ግን ጉድጓዱን ይውጠዋል፤ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ያርፋል። ኃላፊው መጀመሪያ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር፤ በኋላ አንዱን እጁን ለቀቀ። ድልድዩ ስንደርስ ሁላችንም ብረቱን ጨበጥን። ጎማው ከተቆረጠው አስፋልት ወረደ። አንድ ጊዜ ጎንበስ አልን። አለቀ።

መስታወቱ ተንኳኳ። አንዴ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ፤ እጇን ስታነሳ ነጠላዋ ይዟት ነው የዘገየችው። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ አፋቸውን ያዙ። ኃላፊው አቧራ የለበሰ ቅንድቡን በመሐረብ እየጠረገ ወደ ጎን ዞረ፤ ፈገግ ያለ መሰለኝ። አልምልም።

ዳኛው ሆዷን አይቶ፣ መዝገቡን አገላብጦ፣ በዋስ ለቀቃት። እኔ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ከአምስት ቀን ቆየሁ። ወረቀቷ ሁለት ጊዜ ከመሳቢያው ወጣች፤ ሁለት ጊዜ ባዶዋን ተመለሰች። ሲለቁኝ ቀበቶዬንና ስልኬን አስረክበውኝ "ሌላ ዕቃ አለሽ?" አሉኝ።

"ባሌስትራዬ አለ።"

ጠባቂዋ ሳቀችና ከግቢው ጥግ አንዱን አምጥታ ሰጠችኝ። ሌላውን ለደወል ሰቅለውታል አለች። ጅማ ስገባ ያን ብረት ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ከመናኸሪያ ሱቁ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ባጃጅ አጥቼ አይደለም። ሰው እንዲያየኝ ነው።

አሁን ግድግዳው ላይ፣ ከሞላዎቹ በላይ ተሰቅሏል። ሾክ ሊገዛ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው "ምን ትጭናለህ?" ብዬ ነው። ብዙዎቹ ምንም ሳይገዙ ይመለሳሉ፤ አለቃዬ ይበሳጫል። በኋላ ግን ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። የጠየቅሁትን ጥያቄም አልተውኩትም። ከሰፈራችን ልጆች ሁለቱ እስካሁን አልተመለሱም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰኮሩ ነጋዴ ቡና ሊደርስ ነው ብሎ ተጨማሪ ቅጠል ፈልጎ መጣ። ግድግዳውን አይቶ "ያቺ ስንት ናት?" አለኝ።

"አትሸጥም።"

"ለምን? ያንቺ አይደለችም?"

የዚያን ዕለት የደዶዋ ሴት ለገበያ መጥታ ያኔ በሆዷ የነበረችውን የሦስት ዓመት ልጇን እኔ ጋ ትታለች። ልጅቷ የሾክ ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን እያወዛወዘች ሸንኮራ ትመጥጣለች። በጣቴ አሳየሁት።

"የኔ አይደለችም" አልኩት። "የእሷ ናት።"