ቀለሜና የሚሳበው መድኃኒት

ሰፈሩ ባሌን ቀለሜ ይለዋል። ትምህርት ስለሚወድ እንዳይመስላችሁ፤ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲቀባ ስለኖረ ነው። "አፍህን ሸፍን" ስለው "ሽታው ለምዶኛል" እያለ ኖሮ፣ ይኸው ሳንባው ለገመ። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቁጭ ይላል። ሐኪም ቤት ብወስደው፣ ሐኪሟ በየጠዋቱ አንዴ በአፉ የሚስበው መድኃኒት አዘዘችለት። እፎይ አልን።

ምን ዋጋ አለው! አንድ ቀን ከጋራዥ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተዘረረ።

"ልቤ ደረቴን ቀዶ ሊወጣ ነው" አለኝ።

እጄን ባሳርፍበት፣ ኧረ ጉድ! ይደልቃል። እህቱ ደግሞ፣ አፏ ሥራ አይፈታም፣ "ይሄ የሚሳብ ነገር ልብ ያቆማል፣ ጭንቅላት ውስጥ ደም ያፈሳል ሲሉ ሰምቻለሁ" ብላ አረፈችው። ደንግጬ መድኃኒቱን ደበቅኩበት። በማግስቱ ከአልጋው እስከ በሩ መሄድ አቃተው፤ ከንፈሩ ጠቆረ። እያለቀስኩ ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኩት።

ረጋ ሲልላት ልቡን በማሽን አየችና መድኃኒቱ የሚሳብበትን ዕቃ ባዶውን ሰጠችው።

"አባቴ፣ እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ያሳዩኝ።"

ቀለሜ ኮራ ብሎ አንዴ ሳበ። ጠበቀ። ደገመ። ጠበቀ። ሊሠልስ ሲል እጁን ያዘችው።

"ምን እየጠበቁ ነው?"

"የመጀመሪያው እጅ እስኪደርቅ ነዋ! በአንድ እጅ ቀለም የሚሸፍን መኪና አይቼ አላውቅም።"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ጥፋቱ የሱ ነው ብዬ ልገላገል ስል ሐኪሟ ከለከለችኝ። አብዝቶ መውሰዱ ልቡን ሳያስቸግረው አልቀረም። ግን በልኩ ቢወሰድም አንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይ እንደተጀመረ ሰሞን፣ ልብን ሊያስቸግር ይችላል አለች። የትንፋሽ ማጠሩም ራሱ ልብን ይጎዳል አለች።

"ደረትዎን ከያዘዎት፣ ምላስዎ ከተሳሰረ ወይም እጅዎ ከዛለ ሮጠው ይምጡ። በራስዎ ግን እንዳያቆሙት" አለችው።

ታዲያ እኔ የቱን ልፍራ? ሲስብ እፈራለሁ፣ ሳይስብ እፈራለሁ። ድስት ጥጄ እረሳለሁ፣ ሰው ሲጠራኝ አልሰማም። ግራ ገባኝ።

ዛሬ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መድኃኒቱን እንደያዘ አየኝ። ያ ምንም ብለው "ተይኝ እስቲ" የሚለኝ ሰውዬ!

"ልሳበው?" አለኝ። "አንቺ ካልሽ እስበዋለሁ።"

"ሳበው" አልኩት።

እሺ ብሎ ሳበው። እኔ ግን የሚሻለውን አውቄ አልነበረም ያልኩት።