ዘሃራ ለቅሶ ላይ የተናገረችው

ዘሃራ ባሏን ኑዕማንን የገደለው ካንሰር ብቻ አይደለም ትላለች፤ የሰዓድም እጅ አለበት። እውነቷን ነው።

ኑዕማን ከአርሲ ነገሌ ወደ አዳማ እህል የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ሽንቱ አልወርድ እያለ ያስቸግረው ጀመር፤ ባቱ ሳይደርስ ይቆማል፣ መቂ ሳይደርስ ደግሞ ይቆማል። ሐኪም ዘንድ ልሂድ ሲል እህል ነጋዴው ሰዓድ፣ ያ የልብ ወዳጅ ተብዬ፣ በርጫ ላይ ሳቀበት።

«ጣታቸውን ከኋላህ ሊከቱብህ? ወንድ አይደለህም እንዴ! ዕድሜ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ በማር ላስ።»

ቃሚው ሁሉ ተንከተከተ። ከዚያ ወዲያ ሐኪም የሚል ቃል ከኑዕማን አፍ አልወጣም። ማሩን እየላሰ ከረመ፤ ወገቡ ሲከዳው ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱት። የፕሮስቴት ካንሰር ነበር፤ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል።

«በዚህ በሽታ በየዓመቱ የሚመጡት ወንዶች እየበዙ ነው፣ እናቴ» አላት ሐኪሙ ዘሃራን። «ብዙዎቹ ግን እንደ እሳቸው ከረፈደ ነው የሚመጡት።»

ለቅሶ ላይ የሟች በሽታ በስሙ አይጠራም፤ ያውም እንዲህ ያለው። ሰዓድ ድንኳኑ መሀል ተቀምጦ «ኩላሊቱን ነበር» እያለ ያወራል። ዘሃራ ይህን ስትሰማ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ወንዶቹ ፊት ቆመች። ዘመኗን ሁሉ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው አንተ አለችው።

«ኩላሊት አይደለም፣ ፕሮስቴት ነው! ከፊኛ ሥር ያለ ዕጢ! እንዳይታከም የሳቅክበት አንተ ነህ። አንተስ? ሽንት እያመለጠህ፣ ሶላት እያቋረጥክ ውዱእ ልታድስ የምትሮጠው ምን ሆነህ ነው? ሚስትህ ፈውዚያ ሁሉንም ነግራኛለች!»

ሰዓድ ቀና ማለት አቃተው። የዘሃራ አንጀት ቅቤ ጠጣ፤ ይበለው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በረንዳ ያገኘው ሁሉ «ሐኪም ዘንድ ታየህ ወይ?» ይለው ጀመር። ፈውዚያም መውጫ መግቢያ አሳጣችው። እፍረቱ ሲበዛበት ሄዶ ተመረመረ። ያው በሽታ ተገኘበት፤ ግን ገና ጅምር ነበር። ቀዶ ጥገና ተደረገለትና ዳነ።

ከወራት በኋላ አንድ ኩንታል ስንዴ አስጭኖ ዘሃራ ደጅ መጣ።

«እህቴ፣ ነፍሴን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ» ብሎ አለቀሰ።

ዘሃራ የወዛ ፊቱን አየች። ልታዋርደው እንጂ ልታድነው አልነበረም። ኑዕማንም እንዲህ ይድን እንደነበር ስታስብ ንዴቷ ባሰ።

«ስንዴህን መልስ» አለችው። «እኔ ለጠላቴ የተናገርኩትን፣ አንተ ወዳጅህን ነፈግከው።»

በሩንም ዘጋችበት።